ምርጊት፣ ጋንና ቄጤማ፦ በቢቸናና በሞጣ ቤትን ለዓመት በዓል የማሰናዳት ታሪክ

ቢቸናና ሞጣ ከደጀን ተነሥቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ የሚገኙ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያላቸው፣ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት እያንዳንዳቸው በስማቸው የሚጠራ አውራጃ ዋና ከተማ የነበሩ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ናቸው። ሞጣ ስሟ የገነነው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ባሳነጹት የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ የቢቸና አካባቢ ደግሞ በዲማ ጊዮርጊስ ገዳምና በትምህርት ቤቱ ይታወቃል። የሁለቱም አገር ታሪክ እስከ ዛሬ በብዛት የተጻፈው በገዥዎች የዘር ሐረግ፣ በጦርነትና በአድባራት አተካከል ላይ ነው። ግብር የተባለው የቤተ መንግሥትና የመሳፍንት የምግብ ሥርዐት እንኳ ጸሐፊ አላጣም፤ ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዝክረ ነገር» የዐፄ ምኒልክን ግብር አገባብና አሰላለፍ በዝርዝር መዝግበውታል። ተራው ገበሬና የከተማ ነዋሪ ለፋሲካ፣ ለገና፣ ለዘመን መለወጫ ወይም ለደብሩ ንግሥ እንግዳ ለመቀበል ቤቱን እንዴት እንደሚያሰናዳ ግን በቂ ጽሑፍ አላገኘም። ይህ ሥራ የጎጃም ቤት ለዘመናት ሳይፈርስ የቆመበት ምክንያት በመሆኑ፣ የሚገባው ስፍራ በታሪክ ውስጥ ነው።

የዚህ አባባል መነሻ የቤቱ አሠራር ነው። ነባሩ የምሥራቅ ጎጃም ቤት በክብ የተተከሉ ወፋፍራም እንጨቶች በማገር፣ ማለትም አግድም በሚታሰሩ ቀጫጭን እንጨቶች፣ ተያይዘው፣ በመካከሉ የቆመው ምሰሶ ጣራውን ተሸክሞ፣ ግድግዳው በጭቃ ተመርጎ፣ ጣራው በሣር ተከድኖ የሚሠራ ነው። እንዲህ ያለው ቤት በየዓመቱ ካልተጠገነ አይበረክትም፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናም የግድግዳውን እግር ይሸረሽረዋል፣ የምድጃው ጢስ ውስጡን ያጠቁረዋል፣ ወለሉ በከብትና በሰው እግር ይቦረቦራል። በቢቸና ዙሪያ ሰፊ ቦታ የያዘው ዋልካ፣ ማለትም ሲረጥብ የሚያብጥ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር፣ ለጤፍ የተመቸውን ያህል ለግድግዳ አይመችም፤ ስለዚህ ለምርጊት የሚሆነው ቀይ አፈር ካለበት ተፈልጎ ይመጣል፣ ስንጥቁንም የሚይዘው ከውስጡ የሚገባው የጤፍ ጭድ ነው። የአካባቢው ምርት ለእንጀራው እህሉን፣ ለግድግዳው ጭዱን ይሰጥ ነበር ማለት ይቻላል።

ምርጊት ተብሎ የሚጠራው ወፍራሙ የጭቃ ሥራ በሁለት ወገን ይከፈላል። አፈሩን መቆፈር፣ ውሃ አጠጥቶና ጭድ ነስንሶ በእግር መርገጥ፣ ጭዱ እስኪበሰብስና ጭቃው እንደ ሊጥ እስኪቦካ ለቀናት ማሳደር በብዛት የወንዶች ሥራ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ያለው ማለስለስና መለቅለቅ ግን ከሞላ ጎደል የሴቶች ሆኖ ኖሯል። መለቅለቅ ማለት በምርጊቱ ላይ በእበትና በአመድ ወይም በነጭ አፈር የተበጠበጠ ቀጭን ለስላሳ ጭቃ በእጅ መዳፍ እየመቱ መቀባት ነው፤ የእጁ አካሄድ በግድግዳው ላይ የሚተወው ቅስት መሳይ መስመር ሆን ተብሎ እንደ ጌጥ የሚያዝበት ጊዜም አለ። ወለሉም በእበት ይለቀለቃል፤ እበቱ አቧራውን ይዞ ያስቀራል፣ ሲደርቅም ሽታው ጠፍቶ ጠንካራና ለስላሳ ገጽ ይተዋል። በግድግዳው ሥር እንደ አግዳሚ መቀመጫ ከጭቃ የሚሠራው መደብ፣ የምድጃው ዙሪያ፣ የእህል ማስቀመጫው ጎታ ሁሉ በዚሁ ጊዜ አብረው ይታደሳሉ። ጎረቤታሞች በደቦ ተጠራርተው የአንዷን ቤት ዛሬ፣ የሌላዋን ነገ ስለሚለቀልቁ፣ በዓሉ ከመድረሱ በፊት ባሉት ሳምንታት መንደሩ በሙሉ አንድ መልክ ይይዛል። ይህ ጥበብ በእናትና በልጅ መካከል ብቻ የተላለፈ፣ የትኛው አፈር ከየትኛው ጋር ስንት እጅ እንደሚቀላቀል በመዳፍ ስሜት የሚለካ ዕውቀት ሲሆን፣ የቤት ሥራ ተብሎ ዝቅ ተደርጎ መታየቱ ተገቢ አይደለም።

ሥራው በእበት ላይ መመሥረቱ ደግሞ ቤቱን ከከብቱ ዕጣ ጋር አስሮታል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በአገሪቱ የደረሰውና ክፉ ቀን በመባል የሚታወቀው ረኀብ የጀመረው በከብት በሽታ ሲሆን፣ በሽታው ጎጃምን ጨምሮ የደጋውን አገር ከብት አብዛኛውን ፈጅቷል። ክፉ ቀን በታሪክ መጻሕፍት የሚነገረው ባለቀው በሬና ባልታረሰው መሬት ነው፤ በሬ የሌለው ቤት ግን የሚያርስበትን ብቻ ሳይሆን ለዓመት በዓል የሚለቀልቅበትን እበት፣ ወጡን የሚያጣፍጥበትን ቅቤ፣ እንግዳ የሚያስቀምጥበትን ቁርበትም አብሮ እንዳጣ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከዚያ ወዲህ ባለው ዘመን ደግሞ ጫካው እየሳሳ ሲሄድ እበቱ ኩበት ሆኖ፣ ማለትም ተጠፍጥፎና ደርቆ፣ ለማገዶ መዋል ስለጀመረ፣ ግድግዳ፣ ምድጃና ማሳ በአንድ ነገር ላይ የሚሻሙ ሆነዋል።

ሥራው መቼ እንደሚሠራ የሚወስኑት አየሩና የቤተ ክርስቲያኑ ቀን አቆጣጠር በአንድነት ናቸው። በክረምት ጭቃ አይደርቅም፤ ስለዚህ የክረምቱን ጉዳት የሚጠግነው ሥራ ዝናሙ እየቀነሰ ሲሄድ ለዘመን መለወጫና ለመስቀል ይጀመራል። ገና ታኅሣሥ 29 ቀን የሚውለው የመኸሩ እህል በሚሰበሰብበትና በሚወቃበት ወራት በመሆኑ ለሰፊ ምርጊት ጊዜ አይተርፍም፣ መጥረግና ወለሉን መለቅለቅ ይበቃዋል፤ ጭዱ ግን የሚከማቸው በዚሁ ጊዜ ነው። ከዚያ ጥር ይገባል፤ ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር 18 የቅዱስ ጊዮርጊስ ዝርወተ አጽም፣ ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ሲሆኑ፣ የጊዮርጊስ ደብር ባለበት በሞጣና በዲማ፣ የማርያም ደብር ባለበት በደብረ ወርቅ አንድ ጊዜ የተሰናዳ ቤት ሦስት የእንግዳ ቀናትን በዐሥራ አንድ ቀን ውስጥ ያስተናግዳል። ትልቁ እድሳት የሚውለው በዐቢይ ጾም ነው። ጾሙ 55 ቀን ይዘልቃል፣ ወራቱ ደረቅ ነው፣ የእርሻው ሥራ ከመኸሩ ይልቅ ቀለል ይላል፣ ፋሲካም ከጾሙ ርዝመት የተነሣ ከበዓላት ሁሉ ሰፊውን ማዕድ ይጠይቃል። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ስለሚውል፣ ሚያዝያ 23 የሚከበረው የጊዮርጊስ በዓል ከእርሱ እምብዛም አይርቅም፤ በእነዚህ ደብሮች ዙሪያ ላለው ቤት ይህ ሁለተኛ የእንግዳ ማዕበል ነው።

ከምግቡም ከመጠጡም ረጅሙን ጊዜ የሚወስደው ጠላ ነው፤ የቤቱ እመቤት የበዓሉን ቀን ወደ ኋላ ቆጥራ ሥራውን የምትጀምረውም ከእርሱ ነው። አስቀድሞ ብቅል ይበቅላል፤ ገብሱ ወይም ስንዴው ተዘፍዝፎ፣ በቅጠል ተሸፍኖ፣ ጎንቆል ሲያወጣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቅና ይፈጫል። በየጓሮው የሚተከለው ጌሾ ቅጠሉ ተወቅጦ ከብቅሉ ጋር በውሃ ሲበጠበጥ ጥንስስ ይባላል። ጥንስሱ ጥቂት ቀን ካደረ በኋላ ቂጣ ተጋግሮ ይቆራረስበታል፤ ቀጥሎ ከዱቄት ታሽቶ በምጣድ ላይ እስኪጠቁር የታመሰው እንኩሮ ከጌሾው እንጨት ጋር ሲጨመር ወፍራም ድፍድፍ ይሆናል። በመጨረሻ ውሃ ይሞላበትና የጋኑ አፍ ተከድኖ በጭቃ ይመረጋል። ከብቅሉ ዝፍዘፋ እስከ ጋኑ መከፈት ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚፈጅ በመሆኑ፣ ለፋሲካ የሚጠጣው ጠላ የሚታሰበው ገና በጾሙ አጋማሽ ነው። መጀመሪያ የሚቀዳው ወፍራም ጉሽ ለተከበረ እንግዳ፣ ውሃ እየተጨመረ በኋላ የሚወርደው ቀጭን ቅራሪ ለቤተሰብና ለሥራ ሰው ይሆናል፤ የሚቀረው አተላም ለከብት ይሰጣል።

ጋኑ ራሱ ዝግጅት ይሻል። በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፣ ውሃው እስኪጠራ ደጋግሞ ይለቀለቃል፣ ከዚያም በወይራ ጢስ ላይ ተደፍቶ ይታጠናል፤ ጢሱ ጠላውን መዓዛ ይሰጠዋል፣ ጋኑንም ከመቆምጠጥ ይጠብቀዋል። ጋን፣ እንስራና ምጣድ የሚሠሩት የሸክላ ሙያ ባላቸው ሴቶች ሲሆን፣ እነዚህ ባለሙያዎች «ቡዳ» እየተባሉ ከገበሬው ጋር እንዳይጋቡና በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጡ ተደርገው ኖረዋል። ከበዓሉ በፊት ባለው ገበያ ጋናቸው የተጫረተባቸው እነዚሁ ሴቶች ጋኑ በተከፈተበት ቤት የመቀመጫ ስፍራ አለማግኘታቸው በበዓሉ ታሪክ ላይ ያለ ትልቅ ነውር ነውና፣ ልማዱን የሚያወድስ ጽሑፍ ይህን ሊያልፈው አይገባም።

ከጋኑ ቀጥሎ የሚመጣው ዕቃውንና ልብሱን ማንጻት ነው። ነጠላና ጋቢ፣ ሳሙና በየሱቁ ከመድረሱ በፊት፣ በተወቀጠ የእንዶድ ፍሬ ወንዝ ዳር ይታጠብ ነበር። ከስንደዶና ከአክርማ የሚሰፋው መሶብ ይራገፋል፤ የቤቱ ልጅ የሰፋችው አዲስ መሶብ ካለም በዚህ ቀን ለእንግዳ ዐይን ይወጣል፣ የስፌቱ ጥራትም ስለ ሴቲቱ ሙያ ይመሰክራል። መደቡ ላይ የበሬ ቆዳ ተለፍቶ የሚሠራው ጀንዲ፣ በላዩም ጠጉሩ ያልተነሣው የበግ አጎዛ ይነጠፋል። ካህኑና የክርስትና አባት ከምሰሶው ወደ ውስጥ ባለው መደብ፣ ሽማግሌዎች ከእነርሱ ቀጥሎ፣ ወጣቱ ወደ በሩ በኩል በዱካ ላይ ይቀመጣሉና፣ የመደቡ አነጣጠፍ የመንደሩን የክብር ተራ አስቀድሞ ይናገራል።

የፋሲካ ዝግጅት ከሌላው የሚለይበት አንዱ ምክንያት ቅቤ ነው። በጾሙ ወራት ላሟ ትታለባለች፣ ወተቱም ይናጣል፣ ከሕፃናት በቀር የሚበላው ግን የለም፤ ስለዚህ ቅቤው በየቅሉ ይጠራቀምና ከኮረሪማ፣ ከአብሽና ከኮሰረት ጋር ተነጥሮ ለበዓሉ ይቆያል። ዐርብ ስቅለት ቀኑ ለስግደት ስለሚውል፣ ከባዱ ሥራ ሁሉ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። ቅዳሜ፣ በሕዝቡ አጠራር ቅዳም ሹር፣ ካህናት ለምለም ቄጤማ ይዘው በየቤቱ እየዞሩ የሰላም ብሥራት ያሰማሉ፤ ምእመናን ቄጤማውን በራሳቸው ያስራሉ፣ ለካህናቱም የሚሰጡትን ይሰጣሉ። የቤተ ክርስቲያን ትርጓሜ ይህን ቄጤማ የጥፋት ውሃ መጉደሉን ለኖኅ ካበሠረችው ርግብ ለምለም ቅጠል ጋር ያያይዘዋል። በወለሉ ላይ የሚነሰነሰው ጉዝጓዝ ከዚህ ልማድ ጋር ዝምድና ያለው ቢሆንም የራሱ ጥቅምም አለው፤ አዲስ የተለቀለቀ ወለል ከብዙ እግር ይጠበቃል፣ የፈሰሰው ጠላ ይጠጣል፣ ቤቱም በእርጥብ ሣር መዓዛ ይሞላል። በመስከረም ቄጤማ በየረግረጉ ሞልቶ ሲገኝ፣ በፋሲካ ግን ከወንዝ ዳር ተፈልጎ ይታጨዳል፣ በገበያም በእስር ይሸጣል።

የዚያኑ ቀን ዶሮው ታርዶ በሎሚና በጨው ተደጋግሞ ይታጠባል፣ በ12 ብልትም ይከፈላል። ወጡን የምትሠራው ሴት ጾመኛ በመሆኗ ጨውና በርበሬውን ሳትቀምስ በመዓዛና በቀለም ብቻ መለየት ይኖርባታል፤ ሌሊት ከቅዳሴ መልስ ዶሮ ሲጮኽ ለሚፈስከው ቤተሰብና እንግዳ የሚቀርበውን ወጥ በምላሷ ሳትሞክር ማድረሷ የሙያዋ ከፍተኛው ፈተና ነው። ማዕዱ ከጥንት ሳይለወጥ የመጣ ተደርጎ ቢታሰብም፣ በርበሬ ከአሜሪካ ምድር ተነሥቶ በዓለም የተሰራጨ ተክል ስለሆነ፣ ቀዩ ዶሮ ወጥ ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፊት በዚህ መልኩ ሊኖር አይችልም። ቡናም ቢሆን በክርስቲያኑ ዘንድ ለረጅም ጊዜ የእስላም መጠጥ ተብሎ ሲነቀፍ ቆይቶ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ የተስፋፋ በመሆኑ፣ ዛሬ የማይቀረው የረከቦትና የሲኒ ዝግጅት በጎጃም ክርስቲያን ቤት ከጋኑ አንጻር አዲስ ነው።

እንግዳው በአንድ ቀን መጥቶ የሚያበቃ አይደለም። በፋሲካ ሰሞን አማችና የክርስትና ልጅ ድፎ ዳቦና ጠላ፣ አቅም ካለም በግ ይዘው ወደ አማትና ወደ ክርስትና አባት ይሄዳሉ፤ ይህ አክፋይ ይባላል። ተቀባዩ ቤት የራሱን ድግስ አቅርቦ ስለሚቀበላቸው ቤቱ ከዳግማይ ትንሣኤ በፊት አይፈታም። በሞጣና በቢቸና በንግድ ሥራ የሚታወቁት ሙስሊሞችም ለዒድ አልፈጥርና ለዓረፋ ግድግዳቸውን ይለቀልቃሉ፣ ልብሳቸውን ያነጻሉ፤ አንዱ የሌላውን ሥጋ ስለማይበላ፣ ጎረቤት የሚጠይቀው ቤት ከሥጋው ሌላ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ቡናና አልኮል የሌለውን ብርዝ ለይቶ ያሰናዳል። ይህ መለየት የመከባበር ጥበብ ሆኖ ለብዙ ትውልድ ሠርቷል።

የመሳፍንቱ ዝግጅት ግን ሌላ ነው። በ1840ዎቹ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከጎጃሙ ገዥ ከደጃዝማች ጎሹ ጋር የኖረው ፈረንሳዊው አርኖ ዳባዲ የመኳንንቱን ግብርና የአዳራሽ ሥርዐት በመጽሐፉ ገልጾታል። በእንዲህ ያለው ግብር በሩን አጋፋሪ ይጠብቃል፣ ጠጁን ጠጅ አሳላፊ ይቀዳል፤ ሕዝቡን አዳራሹ ባልቻለው ጊዜ ከእንጨትና ከቅጠል ዳስ ይጣላል። ማሩ፣ ቅቤውና ሙክቱ ከየት ይመጣ እንደነበረ ለማወቅ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ማንበብ ይጠቅማል፤ የዲማ ተማሪ የነበረውን በዛብህን ዋና ሰው ባደረገው በዚህ ልብ ወለድ የገበሬዎቹ ዐመፅ የሚነሣው ጌታው ለበዓል ከተለመደው በላይ ስጦታ በመጠየቁ ነው። ደራሲው የጎጃም ተወላጅ በመሆናቸው ነገሩን ከቅርብ ያውቁታል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ እንዲህ ያለውን የበዓል ግዴታ ከነሥሩ ሲያነሣው፣ ሙክቱ በገበሬው ደጅ ቀርቷል።

የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለውጥ ወደ ቤቱ የገባው በጣራው በኩል ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገሪቱ የመጣው ባሕር ዛፍ ቀጥ ያለና ፈጥኖ የሚያድግ እንጨት ስላስገኘ፣ ቆርቆሮም በከተሞቹ ስለተስፋፋ፣ ክቡ ቤት ለባለ አራት ማዕዘኑ ስፍራ ለቀቀ። ማዕዘን ያለው ግድግዳ ደግሞ ሌላ ማስጌጫ ተቀበለ፤ ማንበብና መጻፍ ሲስፋፋ፣ የከተማ ቤቶች ለበዓል ጋዜጣና የመጽሔት ገጽ በዱቄት ሙጫ ግድግዳው ላይ መለጠፍ ጀመሩ፣ በየዓመቱም በአሮጌው ላይ አዲሱ ይደረባል። ጧፍና ኩራዝ ለአምፖል፣ ጋን ለፕላስቲክ በርሜል፣ መደብ ለሶፋ፣ ቄጤማም በአንዳንድ ቤት ለፕላስቲክ ሣር ቦታውን ሰጠ። የሲሚንቶ ወለል የሴቶችን ድካም በእጅጉ ስላቀለለ እሰየው የሚያሰኝ ነው፤ የፕላስቲክ ሣር ግን ሽታ የለውም፣ ጠላም አይጠጣም፣ ከቅዳም ሹር ካህናት ብሥራት ጋርም አንዳች ግንኙነት የለውም። በገጠሩ ቀበሌዎች ዛሬም ግድግዳው ጭቃ ነው፣ በዐቢይ ጾምም ምርጊት ይረገጣል።

ይህን ዕውቀት በእጃቸው የያዙት እናቶች በዕድሜ እየገፉ ናቸው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲና የየወረዳዎቹ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች የአፈሩን ዓይነትና የሚገኝበትን ስፍራ፣ የቅልቅሉን መጠን፣ የጠላውን ጠነሳሰስ፣ የመደቡን አነጣጠፍ፣ የሸክላ ሠሪዎቹንም ምስክርነት ከእነርሱ አፍ በድምፅና በምስል ሊመዘግቡ ይገባል፤ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ ትምህርት ቤቶች ያሉ መምህራንም ተማሪዎቻቸውን በመጪው ዐቢይ ጾም አያቶቻቸውን ጠይቀው እንዲጽፉ ቢያሰማሩ ሥራው ከዚያው ሊጀመር ይችላል።